ነጻ ሕክምና ለገጠሩ ሕዝብና የመሐንዲሱ ድርሻ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ለገጠሩ ችግረኛ ሕዝብ ነጻ ሕክምና እንዲዳረስ በሚደረገው ጥረት ውስጥ ማኅበራችን ምን ድርሻ ሊኖረው እንደሚገባ በዚህ ጉባኤ ላይ አሳብ እንዳቀርብ በመጋበዜ ክብር ይሰማኛል። ጉዳዩ በአባላት መካከል ሲያከራክር የቆየ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ከፊሎቻችን ማኅበሩ ገንዘብ አዋጥቶ በአንድ የገጠር ወረዳ ክሊኒክ አሠርቶ ያስረክብ ይላሉ። ከፊሎቻችን ደግሞ ሕክምና የሐኪሞች ሥራ ስለሆነ መሐንዲስ በማያገባው ገብቶ ከሚዳክር በራሱ ሙያ ቢወሰን ይሻላል የሚል አስተያየት አላቸው።

እኔ ዛሬ የማቀርበው አሳብ ከሁለቱም የተለየ ነው። አዲስ ሕንጻ መጨመር ከሁሉ የሚቀድም ሥራ አይመስለኝም፤ ጉዳዩ አይመለከተንም የሚለውንም አልቀበልም። ሕክምና «ነጻ ነው» በተባለ ጊዜ ከበሽተኛው ላይ የሚነሣለት የካርዱ፣ የምርመራውና የመድኃኒቱ ዋጋ ነው። የመንገዱ፣ የውሃው፣ የመብራቱና የማቀዝቀዣው ዋጋ ግን እንዳለ ይቀራል። እነዚህ ባልተሟሉበት ስፍራ ሁሉ ያንን ዋጋ የሚከፍለው ነጻ ይታከማል የተባለው ያው ድኻ ነው። ይህ ሒሳብ ደግሞ በአብዛኛው የእኛ ሙያ ሒሳብ ነው።

ነጻ የተባለው ምንድን ነው?

ነገሩን ከሥሩ ለመመልከት እንዲያመች አስቀድሜ በአገራችን የተሠራውን በአጭሩ ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን በአንድነት ያሠለጥን ነበር። እነዚህ ሦስት ዓይነት ባለሙያዎች በቡድን ሆነው ወደ ገጠር እንዲሠማሩ መደረጉ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በቡድኑ ውስጥ ስለ ምንጭ ጥበቃ፣ ስለ ጉድጓድና ስለ መጸዳጃ ቤት የሚያስብ ሰው ከመጀመሪያው ቦታ ተሰጥቶት ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1978 በአልማ አታ የወጣው የመሠረታዊ ጤና አጠባበቅ መግለጫም ንጹሕ ውሃንና የአካባቢ ንጽሕናን ከመሠረታዊ የጤና አገልግሎቶች መካከል ቆጥሯቸዋል።

በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ የጤና ተቋማት ከአገልግሎት የሚያገኙትን ገቢ ለራሳቸው ሥራ ማሻሻያ እንዲያውሉት መንገድ ከፍቷል። ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የእርግዝና ክትትልና በጤና ጣቢያ የሚሰጠው የወሊድ አገልግሎት ለማንም ያለ ክፍያ እንዲሰጡ ተደርጓል። መክፈል እንደማይችሉ በቀበሌያቸው የተመሰከረላቸው ችግረኞችም በነጻ እንዲታከሙ ሥርዓት ተዘርግቷል። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀምሮ ከ30,000 በላይ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሠልጥነው ወደየቀበሌው ተሠማርተዋል። አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚደርስ ሕዝብ፣ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ደግሞ እስከ 25,000 ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል ታቅዷል። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሯል።

ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ስለሆነም በዚህ ንግግር የተሠራውን ለማቃለል አልተነሣሁም። ለማመልከት የፈለግሁት በደንብና በዕቅድ ደረጃ ነጻ የሆነው ሕክምና ከበሽተኛው ደጃፍ እስከ አልጋው ድረስ ባለው መንገድ ላይ በብዙ ስፍራ እንደሚሰናከል ነው።

በደረሰኝ ላይ የማይጻፈው ዋጋ

ምጥ የጠናባትን ሴት እንውሰድ። ቤቷ ከመኪና መንገድ የራቀ ከሆነ በቃሬዛ ትወሰዳለች። አራት ሰው ይሸከማል፤ የሚያፈራርቁ ሌሎች አራት ይከተላሉ። ወራቱ የእርሻ ወይም የአጨዳ ከሆነ ስምንት ሰው የአንድ ቀን፣ ምናልባትም የሁለት ቀን ሥራ ፈታ ማለት ነው። የአስታማሚዋ ስንቅ፣ የማደሪያዋና የመመለሻው መጓጓዣ ወጪ ሲታከልበት ዋጋው ለአንድ ድኻ ገበሬ ቀላል አይሆንም። ጤና ጣቢያው ግን ከዚህች ሴት አንድ ሳንቲም አልተቀበለም። በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው «በነጻ ታከመች» የሚል ነው፤ መዝገቡም አልዋሸም፤ የመዘገበው ግን የራሱን ደጃፍ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 ታዴየስና ሜይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የወላዶችን ሞት ምክንያት በሦስት መዘግየቶች ከፍለው አቀረቡ። የመጀመሪያው ወደ ሕክምና ለመሄድ በመወሰን ረገድ የሚደርስ መዘግየት ነው። ሁለተኛው በመንገድ ላይ የሚደርሰው፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሕክምናው ቦታ ከተደረሰ በኋላ ተገቢውን እርዳታ ለማግኘት የሚፈጀው ጊዜ ነው። አከፋፈሉ በአገራችን የጤና ባለሙያዎች ዘንድ እጅግ የታወቀ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን እምብዛም አይነገርም። ሁለተኛው መዘግየት ማለት መንገድና ድልድይ ማለት ነው። ከሦስተኛውም ከፍተኛው ክፍል ውሃ፣ ኤሌክትሪክና የሚሠራ መሣሪያ ማለት ነው። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱ ሙሉ በሙሉ፣ ሌላው በከፊል የእኛን ሥራ ይመለከታል።

በዚህ ረገድ የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ታሪክ ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል። በ1951 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጡት ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በመሠረቱት በዚህ ሆስፒታል ሕክምናው ለሴቶቹ በነጻ ይሰጣል። በሽታው የሚመጣው ግን ምጥ ለቀናት ተራዝሞ እርዳታ ሳይገኝ በመቅረቱ ነው። ሕክምናው ነጻ ቢሆንም መንገዱ ነጻ አልነበረምና ብዙ ሴቶች የመሳፈሪያ ገንዘብ አጥተው ዓመታት ሲሠቃዩ ኖረዋል። ቆይቶ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፍ ማዕከሎች መከፈታቸው ርቀትን የሚቀንስ እርምጃ ነበር።

ርቀትን ለማሸነፍ ሁልጊዜ አውራ ጎዳና መዘርጋት ያስፈልጋል ማለትም አይደለም። በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል አስጊ ሁኔታ ያለባቸው ነፍሰ ጡሮች ምጥ ሳይጀምራቸው መጥተው የሚቆዩበት ማረፊያ አዘጋጀ። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ባሉት 22 ዓመታት በሆስፒታሉ የተመዘገቡ 24,148 ወሊዶች ተጠንተው ነበር። በማረፊያው ቆይተው ከወለዱት መካከል የሞቱት እናቶች ቁጥር በ100,000 ሕይወት ባለው ወሊድ ሲሰላ 89.9 ሲሆን፣ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን 1,333.1 ሆኖ ተገኘ። በቀጥታ የሚመጡት ብዙዎቹ ምጥ ከጠናባቸው በኋላ የሚደርሱ ስለሆነ ሁለቱን ወገኖች እኩል አድርጎ ማነጻጸር አይገባም። ነገር ግን ዋናው ቁም ነገር ይኸው ራሱ ነው፤ ማረፊያው ያደረገው ሴቶቹ ከጠናባቸው በኋላ እንዳይመጡ ማድረግ ነውና። ማደሪያ፣ ማብሰያና መጸዳጃ ያለው ቤት መሥራት ደግሞ ከአቅማችን በላይ የሆነ ጥበብ አይጠይቅም።

ውሃ፣ ቅዝቃዜና ኤሌክትሪክ

ወላዷ ደርሳለች እንበል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመዘኛ መሠረት ለአንድ ተመላላሽ ታካሚ 5 ሊትር፣ ለአንድ ወሊድ 100 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። በወር 40 እናቶች የሚወልዱበትን ጤና ጣቢያ ብንወስድ ለወሊዱ ብቻ 4,000 ሊትር፣ ማለት ባለ 20 ሊትር 200 ጄሪካን ውሃ ይፈለጋል። ቧንቧ በሌለበት ቦታ ይህን ውሃ የሚያመጣው ማነው? ምጥ የያዛት ሴት ቤተ ዘመድ ጄሪካን ይዞ ወደ ምንጭ ይወርዳል። ይህም በደረሰኝ ላይ የማይጻፍ ክፍያ ነው።

አሁን ደግሞ ጣሪያውን እንመልከት። በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው። በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ በሚያገኝ ደጋ ላይ 150 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ጤና ጣቢያ፣ አንድ አምስተኛው ባክኖ ቢቀር እንኳ፣ 120,000 ሊትር ውሃ ያገኛል። ለወሊዱ በዓመት የሚያስፈልገው 48,000 ሊትር ነው። ዝናቡ በክረምት የሚከማች ስለሆነ ለስምንት የበጋ ወራት 32,000 ሊትር የሚይዝ ማጠራቀሚያ፣ አሸንዳና ማጣሪያ መሥራት፣ ውሃውንም ከመጠቀም በፊት ማከም ይገባል። ስሌቱ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚሠራው ነው። ሆኖም አሸንዳ የሌለው የጤና ተቋም ጣሪያ በየሄድንበት እናያለን፤ ከጣሪያው ሥር ደግሞ ጄሪካን የተሸከመች ሴት እናያለን።

ከውሃ ቀጥሎ የክትባት ጉዳይ ይመጣል። በየጤና ተቋሙ የሚቀመጡት ክትባቶች በአጠቃላይ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መጠበቅ አለባቸው። ሙቀት እንደሚያበላሻቸው ሁሉ፣ እንደ መንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ያሉትን በረዶ መሆንም ከጥቅም ውጭ ያደርጋቸዋል። የተበላሸው ክትባት ለሕፃኑ ሲሰጥ እናቲቱ ልጄ ተከተበልኝ ብላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። የከፈለችው ገንዘብ የለም፤ ያገኘችው ጥቅምም የለም። ዛሬ በባትሪ ሳይሆን በበረዶ መልክ ቅዝቃዜን የሚያጠራቅሙ የፀሐይ ኃይል ማቀዝቀዣዎች አሉ። ባትሪው ቀድሞ የሚሞት ክፍል ስለሆነ መቅረቱ ትልቅ መሻሻል ነው። ሆኖም የፀሐይ መቀበያው ሰሌዳ አቧራ ሲሸፍነው ወይም አጠገቡ የበቀለ ዛፍ ሲያጠላበት ማቀዝቀዣው ኃይል ያንሰዋል።

በሳንባ ምች ለታመመ ሕፃን የሚያስፈልገው ኦክስጅንም እንዲሁ ነው። ኦክስጅንን ከአየር ለይቶ የሚያወጣው አነስተኛ መሣሪያ ከ300 እስከ 400 ዋት ገደማ የሚሆን ኃይል ይፈልጋል፤ ነገር ግን ያለማቋረጥ ይፈልጋል። መብራት ለአንድ ሰዓት በጠፋ ጊዜ እኛ በከተማ ሻማ እናበራለን፤ በዚያ አልጋ ላይ ያለው ሕፃን ግን በሻማ አይተነፍስም።

መሣሪያ ለአገሩ ተስማምቶ ሲሠራ ምን ያህል ሥራ እንደሚያቃልል ፈንጣጣን ለማጥፋት ከተደረገው ዘመቻ መረዳት ይቻላል። በአገራችን ዘመቻው በ1963 ዓ.ም. ተጀምሮ የመጨረሻው በሽተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ተገኘ። ለዚህ ውጤት ያበቁት በተራራና በበረሃ የተንከራተቱት ሰዎች መሆናቸው አያጠያይቅም። ሆኖም በእጃቸው ሙቀትን የሚቋቋም የደረቀ ክትባትና ጫፏ እንደ ሹካ የተሰነጠቀች ቀላል መርፌ ነበረች። መርፌዋ ክትባት ትቆጥባለች፤ አጠቃቀሟንም ለመማር ረጅም ጊዜ አያስፈልግም። በሌላ አነጋገር ችግሩን ሰውዬው ሳይሆን መሣሪያው እንዲሸከመው ተደርጎ ነበር።

የተሠራውን ስለ መጠበቅ

በሥራ ምክንያት ከተመለከትኋቸው ጤና ጣቢያዎች በአንዱ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ፓምፕ ገብቶ፣ ሮቶ ተሰቅሎ፣ ቧንቧው እስከ ማዋለጃው ክፍል ድረስ ተዘርግቶ ነበር። ውሃ ግን ከወራት በፊት ቆሟል። ጉድለቱ ሲፈለግ ከሮቶው ውስጥ የውሃውን ከፍታ እየለየ ሞተሩን የሚያስነሣውና የሚያቆመው ተንሳፋፊ ማብሪያ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዋጋው ከአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ የሚያንስ ዕቃ ነው። የጤና ጣቢያው ኃላፊ በትጋት የሚሠራ ሰው ነበር፤ ሆኖም የዕቃውን ስም የነገረው፣ የት እንደሚገዛ ያሳየው፣ ለመግዣውም ገንዘብ የያዘለት አልነበረም። ነዳፊው ነድፎ፣ ተቋራጩ ሠርቶ፣ ተቆጣጣሪው ፈርሞ ሁሉም በየመንገዱ ሄዷል። ሁሉም ሥራውን በሥርዓት ፈጽሟል፤ ወላዶቹ ግን ውሃ የላቸውም።

ይህ የአንድ ቦታ አጋጣሚ ብቻ አይደለም። ለግንባታ የሚመደበው ካፒታል በጀት በምረቃ ቀን ይታያል፤ ጥገና ግን በመደበኛ በጀት ውስጥ ከደመወዝና ከመድኃኒት የተረፈውን ይጠብቃል። በስጦታ የሚመጡ መሣሪያዎችም አንዳንዶቹ በ110 ቮልት የሚሠሩ ሆነው ከእኛ 220 ቮልት ጋር አይስማሙም፤ ሌሎቹ መለዋወጫ የላቸውም። ሰጪው አመስግነው ይሸኙታል፤ መሣሪያው ወደ መጋዘን ይገባል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በተካሄደው ጦርነት ብዙ የጤና ተቋማት የተዘረፉና የወደሙ ስለሆነ፣ የተረፈውንና ዳግመኛ የሚሠራውን የመጠበቁ ግዴታ ከቀድሞው ይልቅ ከብዷል።

አንዳንድ ባልደረቦች ሕዝቡ በነጻ ላገኘው ነገር ግድ የለውም፣ ጥቂት ቢከፍል ይጠብቀዋል የሚል ክርክር ያነሣሉ። ክርክሩ በቁም ነገር ሊታይ ይገባዋል። ሆኖም የገጠሩ ሕዝብ በየቀበሌው ድንጋይ ተሸክሞ፣ እንጨት ቆርጦ፣ ጭቃ አቡክቶ ጤና ኬላ ሲሠራ መኖሩን መርሳት የለብንም። ያልከፈለ ሕዝብ የለም። ደግሞም ሕዝባችን ዕድርን ያህል ሥርዓት ያለው ነው። ዕድር መዋጮውን የሚሰበስበው ሰው በሞተ ዕለት አይደለም፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ሳህኑ ቀደም ብለው ተገዝተው ይጠብቃሉ። የጤና መድኅኑም አሳብ ከዚህ ብዙ አይርቅም። እኛ መሐንዲሶች ግን ለፓምፑ ዕድር አላቋቋምንለትም። ከተሰበረ በኋላ ደብዳቤ እንጽፋለን፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ለማኅበሩ የማቀርበው አሳብ

ከዚህ በላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች ማኅበራችን ለክሊኒክ ግንባታ ሊያወጣው ያሰበውን ገንዘብና ጉልበት በሚከተሉት አራት ሥራዎች ላይ እንዲያውለው አሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በአቅራቢያው አንድ ወረዳ መርጦ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሲፈቅድ የጤና ጣቢያዎቹን ውሃ፣ ኤሌክትሪክ፣ ማቀዝቀዣና የዕቃ መቀቀያ ይመርምር። የሚሠራውንና የማይሠራውን ለይቶ፣ የማይሠራው በምን ዕቃ እንደሚድን በአንድ ገጽ ጽፎ ለጽሕፈት ቤቱ ያስረክብ።

ሁለተኛ፣ ማናቸውም አባል ለጤና ተቋም በሚያቀርበው ንድፍ ውስጥ የጥገና ሰነድ ይጨመር። ሰነዱ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ይጻፍ፤ የሚያረጁት ዕቃዎች ስም፣ የሚቆዩበት ዘመን፣ የሚገዙበት ቦታና በየዓመቱ ሊያዝላቸው የሚገባው ገንዘብ ይመልከትበት። የጤና ተቋሙ ከራሱ ገቢ ለጥገና እንዲይዝ መጠየቅ የሚችለው ስንት እንደሚያስፈልገው ሲያውቅ ነው።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ አባል በዓመት አራት የሥራ ቀን ያለ ክፍያ ይስጥ። በእነዚህ ቀናት ራሱ ጠግኖ ከመመለስ ይልቅ ከአካባቢው የቴክኒክና ሙያ ተቋም የወጣ አንድ ወጣት አብሮት እየሠራ እንዲማር ያድርግ። እኛ በዓመት አንድ ጊዜ እንመጣለን፤ ወጣቱ ግን እዚያው ነው።

አራተኛ፣ በማኅበሩ በኩል የሚመጣ ማናቸውም የመሣሪያ ስጦታ ቮልቴጁ፣ መለዋወጫውና የሚጠግነው ባለሙያ ሳይታወቅ ተቀባይነት አይኑረው።

ይህ አሳብ ጉድለት እንዳለበት አይጠፋኝም። ክሊኒክ ሲሠራ የማኅበሩ ስም በበሩ ላይ ይጻፋል፤ በተንሳፋፊ ማብሪያ ላይ ግን ስም አይጻፍም። አራት ቀን መስጠትም ለግል ሥራ ለሚሯሯጥ አባል ቀላል አይደለም። ደግሞም ማረፊያ ቤትና ድልድይ የሚያስፈልግበት ቦታ ስላለ ከቶ ምንም አይገንባ አላልሁም። ያልሁት ትናንት የተገነባው ውሃ አጥቶ ሳለ ሌላ መገንባት የድኻውን ሸክም አያቀልም ነው።

ሐኪሙ ዋጋ አልቀበልም ካለ የእርሱን ድርሻ ተወጥቷል። መንግሥትም በጀት መድቦ የካርዱን ዋጋ ሲያነሣ የራሱን ድርሻ ተወጥቷል። ቃሬዛውን የሚያፈራርቁት ገበሬዎችና ጄሪካኑን የተሸከመችው ሴት ከድርሻቸው በላይ ከፍለዋል። ከሒሳቡ የቀረው የእኛ ድርሻ ነው። ይህን ከላይ የዘረዘርሁትን አሳብ ጉባኤው ተወያይቶበት ውሳኔ እንዲሰጥበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።